ብረት ሲያንስ

ቶርኖ ቤት ስገባ ዐይኔ ቶሎ የሚሄደው ጥግ ላይ ወደ ተከመረው ውድቅ ብረት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ በዘይት ተወልውሎ ባለቤቱን የሚጠብቀውን ሥራ በኋላ አየዋለሁ። ውድቅ የሌለበት ቤት ያሠጋኛል። ብረት የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። አንድ ቀን ልኩ ያልፍበታል፣ ሌላ ቀን ቀዳዳው ከመስመር ይወጣበታል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ጥርስ እያወጣ ሳለ መብራት ይሄድና መቁረጫው ብረቱን እንደነከሰ ይቀራል። ያ ሁሉ የተበላሸ ነገር ጥግ ላይ ከሌለ የት ገባ? ደንበኛ ወስዶታል ማለት ነው። ክምሩ ጣሪያ ሊነካ የደረሰበት ቤትም ደስ አይለኝም፤ እዚያ ያለው ሰው መጣል እንጂ ማረም አልለመደም። የምወደው መካከለኛ ክምር ነው። አንዳንዱ ብረት ላይ ልኩ በጠመኔ ተጽፎበት፣ ለሌላ ሥራ ይሆናል ተብሎ የተቀመጠ ዓይነት።

ሐዋሳ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ሜዳነቷም የባጃጅ አገር አድርጓታል። ባጃጅ ባለበት የሚበላ ጥርስ፣ የሚላላ ኩሽኔታ፣ የሚሰነጠቅ መያዣ አይጠፋም። በዚያ ላይ የየሰፈሩ ወፍጮ አለ። ጓሮ የሚያጠጣ ፓምፕ አለ። ከአለታ ወንዶና ከበንሳ በኩል የቡና መፈልፈያውን ሻፍት ጠቅልሎ የሚልክም አይጠፋም። መለዋወጫው ያለው 275 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ስለዚህ የጠፋውን ዕቃ እዚሁ ማውጣት ግድ ይሆናል።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። እንግሊዞች በየቤታቸው ጓሮ ትንንሽ የእንፋሎት ባቡር ለሚሠሩ ሰዎች ‹ሞዴል ኢንጂነር› የተባለ መጽሔት ማሳተም የጀመሩት በ1898 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካዊው ዴቭ ጊንጀሪ ደግሞ በ1980ዎቹ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም በከሰል አቅልጦ ቶርኖውን ራሱን ቤት ውስጥ ስለ መሥራት ተከታታይ መጻሕፍት ጽፏል። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቶ ጓሮው ውስጥ ሞርሳና ትራፓኖ የተከለ መካኒክ አለ፤ ማታ ማታ የራሱን ሥራ የሚሞክር የፖሊ ቴክኒክ መምህር አለ፤ ግራይንደርና የብየዳ ማሽን ተበድሮ የሆነ ነገር የሚፈጥር የምህንድስና ተማሪም አለ። ልዩነቱ የእኛው ሰው ለደስታው ብሎ የሠራው ፑሊ በማግስቱ የጎረቤት ፓምፕ ላይ መግባቱ ነው። ጨዋታው ወዲያው ሥራ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የታረመ ዕቃ ሲሰጠን ምን ዓይነት እርማት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅመናል፤ ያረመውም ያሳረመውም።

እኔ የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው። ያረመው ሰው ሲያርም ጭነቱ የት ላይ እንደሚያርፍ አስቦ ነበር ወይስ ዐይን የት ላይ እንደሚያርፍ?

ማንኛውም ዕቃ አንዱ ገጹ ይሸከማል፦ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት፣ ብሎን የሚነክስበት። ሌላው ገጹ ሁለት ክፍሎች ሲገጥሙ መሃል ለመሃል እንዲውሉ ያደርጋል። የቀረው ዝም ብሎ ይሸፍናል። የሚሸፍነው ላይ አንድ ሚሊ ቢጎድል ማንም አይጎዳም። የሚሸከመው ላይ ሁለት መቶኛ ሚሊ ሲጎድል ግን ዕቃው ሞቷል፣ ቀብሩ ብቻ ነው የቀረው። መጥፎ አራሚ የሚታወቀው ላቡን በሚሸፍነው ገጽ ላይ በማፍሰሱ ነው። ውጪውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መስታወት ያስመስለዋል፤ ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ግን በሊማ ነካክቶ ይተወዋል። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲሰጥዎት ደስታዎን ትንሽ ያዘግዩት። ቶርኖ ላይ እየዞረ በብርጭቆ ወረቀት ብዙ የታሸ ሻፍት ጫፎቹ ሾጠጥ ብለው መሃሉ ይወፍራል። መቁረጫው የተወው ደቃቅና እኩል የሆነ መስመር የሚታይበት ሻፍት ይሻላል፤ ቢያንስ እውነቱን ይናገራል።

አሁን አንድ ሻፍት ይዘን ጠጋ ብለን እንየው። የፓምፕ ሻፍት ነው፤ ኩሽኔታው 6205። ይህ ኩሽኔታ ውስጡ 25 ሚሊ፣ ውጪው 52፣ ወርዱ 15 ነው። ሻፍቱ ከውስጠኛው ቀለበት ጋር አብሮ ስለሚዞር ልል መሆን አይችልም። በተለመደው አገጣጠም ከ25 ሚሊ በ2 ማይክሮን ቢያንስ፣ በ15 ማይክሮን ቢበዛ መብለጥ አለበት። ማይክሮን የሚሊ አንድ ሺኛ ነው። እንግዲህ ሠራተኛው 25.10 ላይ ደርሷል። ሊያወርደው የቀረው አሥር መቶኛ ነው። የማሽኑ መዘውር የሚቆጥረው በራዲየስ መሆኑን ለአፍታ ዘንግቶ አሥር ገፋ፤ ከሁለቱም ጎን አሥር፣ አሥር ተላጠና ሃያ ወረደ። ካሊፐሩ 24.90 ይላል። ይህ በየቶርኖ ቤቱ የሚደርስ ስህተት ነው፤ ሁለት ማሽን ያለው ቤት አንዱ በራዲየስ ሌላው በዲያሜትር ሲቆጥር ደግሞ ይብሳል።

የሙቀት ስህተትም አለ፤ እሱ ግን ስውር ነው። ብረት በሜትር በእያንዳንዱ ዲግሪ 12 ማይክሮን ያህል ይረዝማል። ሲቆረጥ 60 ዲግሪ የደረሰ ባለ 25 ሚሊ ሻፍት ወደ ሐዋሳ ከሰዓት ሙቀት፣ ወደ 25 ዲግሪ፣ ሲመለስ አንድ መቶኛ ሚሊ ያህል ይሟሽሻል። ትኩሱን ለክቶ ‹ልክ ነው› ያለ ሰው ማታ ልል ኩሽኔታ ያገኛል። ጥሩ ባለሙያ ከመጨረሻው ቁርጥ በፊት ሻይ የሚጠጣው ለዚህ ነው፤ ስንፍና መስሏቸው የሚነጫነጩ ደንበኞች አሉ።

ወደ 24.90 እንመለስ። ምን ይደረግ?

በጣም የተለመደው መድኃኒት የለስላሳ ጣሳ ነው። ጣሳው በመቀስ ይቆረጥና በሻፍቱ ዙሪያ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ኩሽኔታው በመዶሻ ይወርድበታል። ስሌቱ ራሱ አይሠራም። የጣሳው ውፍረት አሥር መቶኛ አካባቢ ነው፤ ዙሪያውን ሲከብ በዲያሜትር ሃያ ይጨምራል፤ የጎደለው ግን አሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ ጣሳው ይቀደዳል ወይ የኩሽኔታው ቀለበት ይወጠራል። ጣሳው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ ክፍተት ይቀራል፤ ሻፍቱ በዚያ በኩል ይሸሻል። ከወር በኋላ ኩሽኔታውን ቢያወጡት ቀይ ቡናማ ደቃቅ ዱቄት ያገኛሉ። ያ ዱቄት ውኃ ያመጣው ዝገት አይደለም። ሁለት ብረቶች በዐይን በማይታይ መጠን እየተፋተጉ የላጡት ነው። የታረመ ሻፍት ላይ ይህን ዱቄት ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሁለተኛው መድኃኒት የሻፍቱን ገጽ በሹል መምቻ ነጠብጣብ አድርጎ መውጋት ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዙሪያ ትንሽ ብረት ከፍ ስለሚል ኩሽኔታው ጠበቅ ብሎ ይገባል። በእጅ ሲሞክሩት የሚያስደንቅ ነው፤ ጨርሶ አይነቃነቅም። ነገር ግን ኩሽኔታው የተቀመጠው በነጠብጣቦቹ አናት ላይ ብቻ ነው፤ ጭነቱ ሲመጣ አናቶቹ ይተኛሉ። ቶርኖ ላይ በጥርሳም መንኮራኩር ገጹን ማሻከርም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ትንሽ ይሻላል፣ ከዘመዶቹ ግን አይርቅም።

ለኩሽኔታ ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ፣ ሎክታይት የሚሉት ዓይነት፣ ለአሥር መቶኛ ክፍተት ጥሩ መልስ ነው። አንዳንድ ሽማግሌ ባለሙያዎች ይንቁታል፤ እኔ አልንቀውም። እዚህ ላይ የምመለከተው ዝግጅቱን ነው። ዘይቱን በቤንዚን ወይም በአሴቶን አጥቦ አድርቆታል? ኩሽኔታው ወደ ጎን ሳይንጋደድ ቀጥ ብሎ እስኪይዝ ደግፎታል? ሌሊቱን አሳድሮታል ወይስ ወዲያው አስነስቶታል? እንዲሁም ‹ሌላ ጊዜ ሲነቀል መሞቅ አለበት› ብሎ ነግሮኛል? ይህን ያልነገረ ሰው ቀጣዩን መካኒክ በመዶሻ እንዲቀጠቅጥ ፈርዶበታል።

ከዚያ ብየዳ ይመጣል፤ ተበይዶ ሞልቶ እንደገና መቆረጥ። እውነተኛውን ባለሙያ ከአስመሳዩ የሚለየው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ላዩ ሁልጊዜ ያምራል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ብረቱ ምንድን ነው የሚለው ነው። ለስላሳ የግንባታ ብረት ከሆነ ብየዳን ይታገሳል። ከአሮጌ መኪና አክሰል የተቆረጠ ከሆነ ግን ካርቦኑ ከፍ ያለ ነው። ሲ45 የሚባለው የሻፍት ብረት እንኳ 0.45 በመቶ ካርቦን አለው፤ ሳይሞቅ ከተበየደ በብየዳው ሥር ያለው ሥፍራ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስንጥቁ ያኔውኑ አይታይም፤ ውሎ አድሮ ከሥር ይመጣል። ደንበኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ማለት ነው። ያወቀ ሰው ሻፍቱን ወደ 200 ዲግሪ ያሞቃል። አንዱን መስመር ከላይ ካሳለፈ ቀጣዩን ከሥር፣ ፊት ለፊቱ ያሳልፋል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከበየደ ይቆለመማል። ሲጨርስ አመድ ወይም ደረቅ ኖራ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል። ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ ‹ቺስስ› ሲያሰኘው ካዩ ሻፍቱን እዚያው ትተውለት ቢሄዱ ይሻላል። ኤሌክትሮዱም ይጠየቃል። 7018 ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመረጠ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ይጠጣል፤ ክረምቱን ፓኬቱ ተከፍቶ የከረመ 7018 ዋጋው ለስሙ ብቻ ነው።

የተበየደ ሻፍት ሲያልቅ የት ላይ ልይ? ትከሻው ጋ። ቀጭኑ ክፍል ከወፍራሙ የሚገናኝበት ማዕዘን ስል ሆኖ ከተቆረጠ ስብራቱ ከዚያ ይጀምራል። ጥሩ ሠራተኛ እዚያ ትንሽ ክብ ነገር ያስቀራል፤ የኩሽኔታው ጠርዝ እንዳይነካው ብቻ ይጠነቀቃል። የስልክዎን መብራት ከጎን አስጠግተው ገጹን ይመልከቱ። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አልፎ አልፎ ቢኖር የሠራው ሰው ነውና ይታለፋል፤ ተሰብስቦ በአንድ በኩል ከሆነ ብየዳው አልያዘም።

ሌላው መንገድ ቀሚስ ማልበስ ነው። ሻፍቱ ወደ 21 ሚሊ ይወርዳል፤ ከዚያ ባለ ሁለት ሚሊ ግድግዳ ቱቦ ተሠርቶ ይሞቅና ይለበሳል። ቀሚሱ 200 ዲግሪ ሲጨምር ቀዳዳው አምስት መቶኛ ያህል ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ሻፍቱን ጨምድዶ ይይዛል። የመጨረሻው ልክ የሚቆረጠው ከለበሰ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ 25 ተደርጎ የመጣ ቀሚስ ካዩ ሥራው ተገልብጧል። ቀሚስ ንጹሕ እርማት ነው፣ ብየዳ የሚያመጣው መቆልመም የለበትም፤ ሆኖም ዋጋ ያስከፍላል። ሻፍት ሲጠመዘዝ ያለው ጥንካሬ ከዲያሜትሩ ኪዩብ ጋር ስለሚሄድ 25 የነበረው 21 ሲሆን ጥንካሬው ወደ 59 በመቶ ይወርዳል። አርባ በመቶው በቶርኖ ተላጭቶ ወለል ላይ ወድቋል። ይህ እርማት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ሞተሩ በየት በኩል እንደሚገፋ ሳናውቅ መመለስ አይቻልም። ቀሚሱ የለበሰው ኃይል በማያልፍበት፣ ነጻ በሆነው ጫፍ ከሆነ ምንም አይደል። ፑሊው ባለበት ጫፍ ከሆነ አንድ ቀን በዚያ ይቆረጣል። ሁለት ሻፍት ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው፣ አንዱ የተዋጣለት አንዱ የከሸፈ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለመሆኑ ለምን አዲስ አይቆረጥም? ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። ስንዝር ተኩል የማይሞላ ቀጥ ያለ ሻፍት ላይ ብየዳ፣ ሙቀት፣ አመድ ከማለት ሌላ ብረት ማሰር ይፈጥናል። እርማት ክብር የሚኖረው ዕቃው ላይ ብዙ ሥራ ሲያልቅ ነው፦ ጥርስ ሲወጣለት፣ ኪይ ሲቆረጥለት፣ ሁለት ሦስት ትከሻ ሲኖረው። ይህን ሚዛን ሳይጠየቅ የሚነግርዎት ሰው ካገኙ ስልኩን ይያዙ።

ሻፍት ሲታረም ከልኩ ይልቅ የሚያመልጠው መሃል ነው። ዕቃው ከቸክ ከወረደ በኋላ እንደገና ሲታሰር በፊት የነበረበት ቦታ አይመለስም። ያገለገለ ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ ላይ አምስት፣ አልፎ አልፎም አሥር መቶኛ መሸሽ የተለመደ ነው። ስለዚህ የታረመው ገጽ በራሱ ድቡልቡል ሆኖ፣ በራሱም ልክ ሆኖ፣ ከቀረው ሻፍት ጋር ግን መሃል ለመሃል ላይሆን ይችላል። ይህ ሽሽት በካሊፐር አይያዝም፤ ካሊፐር የሚያውቀው ውፍረትን ብቻ ነው። ጠንቃቃ ሰው በሁለት ጫፍ ላይ ያሉትን የመሃል ጉድጓዶች ከመጀመሪያው ትቷቸዋል፤ ሲያርምም በእነሱ አስሮ ነው የሚቆርጠው። የሻፍቱን ሁለት ጫፍ ይመልከቱ። ሾጠጥ ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ንጹሕ ሆነው ካሉ ደህና ምልክት ነው፤ በግራይንደር ተላጭተው ከጠፉ ‹በምን አሰርከው?› ብለው ይጠይቁ። ዲያል ጌጅ ባለበት ቤት ሻፍቱን አስዙረው መርፌውን ማየት ነው፤ መርፌው የሚያሳየው የሽሽቱን እጥፍ መሆኑን ሳይረሱ። ዲያል ከሌለ ሻፍቱ ቀስ ብሎ ሲዞር ጠመኔ ከአንድ ቦታ ሳያነቃንቁ ማስጠጋት ነው። ዙሪያውን ከነካ ይሁን። አንድ ጎን ብቻ ነጭ ከሆነ ያ ጎን ወጥቷል።

የቀዳዳ ነገር ሌላ ዓለም ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ በኩል አንድ ግቢ ውስጥ ቆሜ የሰማሁት ክርክር ሁሉን ይነግራል። አንድ ወጣት ባለ አሥር ሚሊ ወፍራም ላሜራ ላይ አራት ቀዳዳ አውጥቶ አራተኛው ሁለት ሚሊ ሸሽቶበት አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ያማክራል።

‹ጋሼ፣ ይሄን በክብ ሊማ ወደዚህ ብናሰፋውስ? ሰፊ ሮንደላ እናደርግበታለን።›

‹ሮንደላው ምን ይይዝልሃል?›

‹ብሎኑን ነዋ።›

‹ብሎኑ ጨምቆ ነው የሚይዘው ወይስ ጎኑን ተደግፎ?›

ልጁ ዝም አለ። ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። የቺንጋ ማወጠሪያ ቢሆን የተሰፋ ቀዳዳ ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ሆን ተብሎ ረዘም ተደርጎ ይወጣል። ሞተር የሚሸከም፣ በየደቂቃው የሚነዘር ላሜራ ከሆነ ግን በሊማ የሰፋ ቀዳዳ ብሎኑን ቀን ከሌት እየተጫወተበት ይበላዋል። ሽማግሌው ያደረጉት ቀዳዳውን አስፍቶ መድፈንና እንደገና መብሳት ነው። የድፍኑ ወርድ ላይ ነው ሙያው። አሥር ሚሊ ብሎን የሚገባበት 10.5 ሚሊ ቀዳዳ ሁለት ሚሊ ሲዛወር ድፍኑ ከ14.5 ሚሊ በታች ከሆነ አዲሱ ቀዳዳ የድፍኑን ጠርዝ ይቆርጣል። ትራፓኖው ግማሹን ድፍኑን ግማሹን ላሜራውን ሲነክስ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ቀዳዳው ለሁለተኛ ጊዜ ይበላሻል። ሽማግሌው 18 ሚሊ አደረጉት፤ ድፍኑ አዲሱን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ዋጠው። ከሁለቱም ወገን ዙሪያውን በትንሹ አጉድጉደው በየዱትና በግራይንደር አስተካከሉት። እንዲህ ያለ ሥራ ሲያጋጥምዎት ድፍኑን አይፈልጉ፤ ላዩ ላይ አይታይም። ይልቅ ብሎኑን በጣትዎ ያስገቡ። አራቱም ብሎኖች በመዶሻ ሳይሆን በጣት ከገቡ እርማቱ ተሳክቷል።

ኪይ፣ ፑሊውን ከሻፍቱ ጋር የሚቆልፈው ብረት፣ የሚገባበት ቦይ ሲሰፋ የሚደረገውን በአጭሩ ልበል። ለ25 ሚሊ ሻፍት መደበኛው ኪይ ወርዱ 8፣ ቁመቱ 7 ሚሊ ነው። ቦዩ 8.5 ከሆነ የሰነፍ መልስ ከጎኑ ላሜራ መሸጎጥ ነው፤ ላልቶ ይወድቃል። የባለሙያው መልስ ቦዩን 9 አድርጎ አጥርቶ፣ ከታች 9 ከላይ 8 የሆነ ደረጃ ያለው ኪይ መሥራት ነው። ፑሊውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት፤ ‹ቀጭ› የምትል ድምፅ ካለች አልገጠመም። ኪይ የሚሸከመው በጎኖቹ ስለሆነ አናቱ ላይ ትንሽ ክፍተት መኖሩ ጥሩ ነው። አናቱ ተጨናንቆ ጎኑ ልል የሆነ ኪይ ፑሊውን ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ያጣምመዋል።

የብሎን ጥርስ ላይ የሚደርሰውን በደል ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። አገራችን ውስጥ ሚሊና ኢንች ተደባልቀው ነው የሚኖሩት፤ አሮጌው የእንግሊዝ ሥራ፣ አሜሪካኑ፣ የቻይናው ሁሉ በአንድ ግቢ ይገናኛል። የግማሽ ኢንች ዊትዎርዝ ብሎን በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ አለው፤ ግማሽ ኢንች የአሜሪካኑ 13። ሁለቱ ሁለት ሦስት ዙር ይግባባሉ፤ ከዚያ ይጠባል። በዚያን ጊዜ ረጅም መፍቻ አምጥቶ የሚያስገድድ ሰው ያገኘውን ጥብቀት እንደ ጥንካሬ ይቆጥረዋል። ጥርሱ ግን ተበልቷል። የተበላ ጥርስ በሦስት መንገድ በሥርዓት ይታረማል፦ ወደሚቀጥለው ልክ ከፍ ማድረግ፣ ጠመዝማዛ የሽቦ ማስገቢያ መክተት፣ ወይም ደፍኖ እንደገና ማውጣት። ከፍ ለማድረግ በዙሪያው የሚበቃ ብረት መኖር አለበት፤ ለአሥር ሚሊ ጥርስ 8.5 የተበሳው ለአሥራ ሁለት 10.2 ሲሆን ግድግዳው ይሳሳል፤ አሉሚኒየም ላይ ከሆነማ ይፈነዳል። ከእነዚህ ውጭ የሆነው መንገድ ጥርስ ላይ ቃጫ ወይም ቴፍሎን ጠምጥሞ ማጥበቅ ነው። ቃጫ የውኃ ቧንቧ ነገር ነው፤ ያንጠባጠበውን ይዘጋል እንጂ ጭነት አይሸከምም። የፓምፕ እግር ብሎን ላይ ቃጫ ሳይ እሳቃለሁ፤ የባጃጅ ሞተር መያዣ ላይ ሳይ አልስቅም።

በዚህ ሙያ ውስጥ እርማት ያለ ኀፍረት በአደባባይ የሚጻፍበት አንድ ቦታ አለ፤ ሲሊንደር። የተበላ ሲሊንደር ይሰፋል፤ ፒስተኑም በዚያው ልክ ይገዛል። ትርፍ ልክ ያላቸው ፒስተኖች 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እያሉ በሩብ ሚሊ እየጨመሩ ይመጣሉ፤ ልኩም አናታቸው ላይ ተመትቶበታል። የሚቀጥለው መካኒክ ቴስታታውን ሲከፍት ማንበብ ይችላል፤ ማንም ማንንም አላታለለም። ባጃጅዎን ሲያሠሩ ሞተሩ ከመዘጋቱ በፊት ያን ቁጥር ዐይንዎ ይየው። የሲሊንደሩን ግድግዳም በመብራት ይመልከቱ፤ እርስ በርሱ የሚቆራረጥ ሰያፍ ጭረት ሊኖረው ይገባል፤ ዘይት የሚይዘው እሱ ነው። መስታወት የመሰለ ግድግዳ ለዐይን ያምራል፤ ከዚያ ዘይት ይበላል። ይህን የመጻፍ ልማድ ለሻፍቱም ለቀዳዳውም ማምጣት ቢቻል እወድ ነበር። አንዳንዱ ያደርገዋል። ኩሽኔታው ከመደበኛው ውጭ ሲሆን ቁጥሩን ኃይል በማያልፍበት ጫፍ ላይ በፊደል መምቻ ይመታዋል። ውበት አይጨምርም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ለሚፈታው ሰው ግን ከወርቅ ይበልጥበታል።

የሚውልበት ቦታም በእርማቱ ላይ መነበብ አለበት። የቡና መፈልፈያ በዓመት የሚሠራው ቡናው ሲደርስ ለጥቂት ወራት ነው፤ የቀረውን ጊዜ እርጥበቱን እንደያዘ ቆሞ ይከርማል። እዚያ ውስጥ የሚገባ ቀሚስ ወይም ቡሽ ብሮንዝ ቢሆን የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ከሆነ ጥቅምት ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ምግብ የሚነካ ዕቃም እንዲሁ። የእንሰት መፋቂያ የሚሞክሩ ልጆች የማይዝግ ላሜራ ገዝተው በተራ ኤሌክትሮድ ሲበይዱት አይቻለሁ። ብየዳው ላይ ብቻ ይዝጋል፤ የእንሰቱ ኮምጣጣ ውኃ ደግሞ ያፋጥነዋል። ላሜራው ላይ የወጣው ገንዘብ በብየዳው መስመር ፈስሶ ይቀራል።

ጊዛ (ካስት አይረን) ሲሰነጠቅ የሚደረገው ብዙ ነው፤ ኒኬል ያለበት ኤሌክትሮድ፣ ነሐስ ማፍሰስ፣ በብሎን መስፋት። ከውጭ ሆኖ ለመመዘን የሚያስቸግረው ሁሉም ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስተህ ነበር? ያ ቀዳዳ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ እንዳይሄድ ያቆመዋል። ‹አዎ› ካለ ያሳይዎት።

ዋጋን በሚመለከት፣ የእርማት ዋጋ ከአዲሱ ዕቃ ዋጋ ግማሽ ሲያልፍ መጠርጠር ጀምሬ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። የቡና መፈልፈያ በወቅቱ መካከል ቆሞ ሲያድር የሚበላሸው ቡና ከየትኛውም ሻፍት ይወደዳል፤ ያኔ ዛሬ ማታ ያለቀ ቀሚስ ከሳምንት በኋላ ከሚመጣ አዲስ ሻፍት ይረክሳል። ተቃራኒውም አለ። ማንም የማይቸኩልበት ሥራ ላይ ‹እኔ አስተካክለዋለሁ› ብሎ የሚሟገት ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያድነው የራሱን ብረት ነው።

በመጨረሻ የማይታረሙ አሉ። የባጃጅ የፊት መሪ አንገት፣ የፍሬን ዘንግ፣ የጎማ አክሰል፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተበይዶ በዚያው የተሰነጠቀ ማንኛውም ነገር። እነዚህ ላይ ብየዳው የቱንም ያህል ያምር፣ ልኩ የቱንም ያህል ይግጠም፣ የሚሸከሙት ሰው ነው፤ በየጉድጓዱም ይደበደባሉ። ከሐዋሳ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ መሪ ሲቆረጥ ማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። ባለሙያው ብረቱን አገላብጦ አይቶ መልሶ ‹ይሄን አልነካም› ካለዎት፣ ያንኑ ብረት ይዘው ወደሚቀጥለው ቶርኖ ቤት አይሂዱ።